ለሙስ አደን የሚሆን ጥይት፦ ከኖርማ ኦሪክስ እስከ መዳብ አረር

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ስዊድን ውስጥ ሙስ ለማደን ጠመንጃ የምትገዙ ከሆነ 6.5×55 ወይም .30-06 ግዙ፣ ቁጥሮቹ ጠመንጃው የሚጎርሰው የጥይት ዓይነት ስሞች ናቸው። እርሳሱና ከላይ የሸፈነው የመዳብ ቅይጥ ልባሱ የተበየደ፣ ከበድ ያለ አረር ያለው ጥይት ጨምሩበት። የተረፋችሁን ገንዘብ ልምምድ ላይ አውጡት። የእኔ ምርጫ በ6.5×55 ኖርማ የተባለው የስዊድን ኩባንያ የሚሠራው ኦሪክስ 10.1 ግራም ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ነው።

ሙስን ለማታውቁት፣ ስዊድኖች ኤልይ የሚሉት የአጋዘን ዘር ነው። ትከሻው ከፈረስ ትከሻ ይበልጣል። ትልቅ ወንድ 500 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እኔ በምኖርበት፣ በሰሜን ስዊድን በጄምትላንድ አደኑ የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንዳንዴም ጳጉሜን ላይ። ፍልሰታ ተፈትቶ እንቁጣጣሽ ሲጠበቅ ማለት ነው። በደቡቡ የሀገሪቱ ክፍል እስከ ኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ ይጠብቃሉ።

የአደን ፈተና አልፈው ፈቃድ ለማውጣት የተሰለፉ የሀገር ልጆች ሲደውሉልኝ ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው። «ወንድሜ፣ ሙስ ትልቅ እንስሳ ነው አይደል? ትልቁን ጠመንጃ ልግዛ?» ጥያቄው ይገባኛል። እኔም ጎጃም ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ምንሽር ተሰቅሎ ነበር። እኛ ጋ ጠመንጃ የሚወራው በስሙ ነው። ምንሽር፣ አልቢን፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ። ስለ አረሩ ዓይነት የሚያወራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጥይት ከተገኘ ተገኘ ነው። እዚህ ግን ሱቅ ውስጥ ያለው ጠመንጃ ማንም ይሥራው ማን፣ ሁሉም በደንብ ይተኩሳል። እንስሳው ላይ ልዩነት የሚያመጣው ፓኬቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

እንዳንደናገር፣ ጥይት ስል ሙሉውን ነው። ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ። አረር ስል ደግሞ ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚመታውን ብቻ።

ሙስ ተመትቶ ወዲያው ዘጭ የሚል እንስሳ አይደለም። ሁለቱም ሳንባው ተበስቶ እንኳ ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል። ወይም ምንም እንዳልነካው ሰው ሃምሳ፣ ሰማንያ ሜትር ሄዶ ይወድቃል። አዲስ አዳኝ ይህን ሲያይ «ጥይቴ ደካማ ነው» ብሎ ይደመድማል። በሚቀጥለው ዓመት ትልቅ ጠመንጃ ይገዛል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አረር እንስሳን የሚገድለው ገፍቶ በመጣል አይደለም። ሳንባና ልብን ቀዶ፣ ደም በማፍሰስ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቀንስ እንስሳው ይወድቃል። ትልቅ እንስሳ ብዙ ደም አለው፣ ስለዚህ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።

ስለዚህ ከአረሩ የምንፈልገው ሁለት የሚጣሉ ነገሮችን ነው። አንደኛ፣ ሰፊ ቁስል እንዲያደርግ ገላ ውስጥ ሲገባ መከፈት አለበት። ሁለተኛ፣ መሰባበር የለበትም። ወፍራሙን ቆዳ፣ ጎድኑን፣ አንዳንዴም የወርቹን አጥንት አልፎ ሁለቱንም ሳንባ መድረስ አለበት። በወዲያኛው በኩል ቢወጣ ደግሞ እሰየው። ሁለት ቀዳዳ ካለ ደሙ መሬት ላይ ይታያል፣ ለመከተል ይቀላል። ቶሎ የሚከፈት ለስላሳ አረር ይሰባበራል። የማይሰባበር ጠንካራ አረር ቶሎ አይከፈትም። የአረር ሠሪዎች ሥራ ሁሉ ይህን ጠብ ማስታረቅ ነው።

የስዊድን ሕግም ይህን ያያል። ለፈተና ያጠናሁት ደንብ ለሙስ የሚሆን ጥይት ሲል እንዲህ ይላል። አረሩ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። ክብደቱ ቢያንስ 9 ግራም ከሆነ 100 ሜትር ላይ 2700 ጁል ጉልበት ይኑረው። 10 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 2000 ጁል ይበቃዋል። ይህችን የ1 ግራም ልዩነት ልብ በሉ። ሕጉ ራሱ ክብደትን ይወዳል። ከባድ አረር ጉልበቱን ይዞ ጠልቆ ይገባል። ደንብ ይሻሻላልና ከመግዛታችሁ በፊት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን፣ የናቱርቮርድስቬርከትን ገጽ ተመልከቱ።

አሁን ወደ 6.5×55 ልምጣ። ይህ ጥይት ስዊድንና ኖርዌይ አንድ ንጉሥ በነበራቸው ዘመን በጋራ የተመረጠ የጦር ሠራዊት ጥይት ነው። ዓመቱ 1894 ነው። ስዊድን በማውዘር፣ ኖርዌይ በክራግ ዮርገንሰን ጠመንጃ ተጠቀሙበት። የመጀመሪያው አረር አፍንጫው ድቡልቡል ሆኖ 10.1 ግራም ይመዝን ነበር። ዛሬ ሱቅ ገብቼ የምገዛው የሙስ ጥይትም 10.1 ግራም ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ያ ክብደት አለ። የመንደራችን ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው በወረሱት ማውዘር በዚህ ጥይት ሙስ ሲጥሉ ኖረዋል። ሰውዬው ቀጭን ጥይት ይዟል ብሎ የሚንቃቸው የለም።

ለምን ሠራ? አረሩ ቀጭንና ረጅም ነው። ቀጭንና ረጅም ነገር ጠልቆ ይገባል። ፍጥነቱ ደግሞ መጠነኛ ነው፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ወደ 780 ሜትር ገደማ። ጉልበቱ 3000 ጁል አካባቢ ነው። ይህ ፍጥነት አረሩን ለመክፈት ይበቃል፣ ግን ለመሰባበር አያደርስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትከሻ አይረግጥም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሰዎች ያቃልሉታል። ጠመንጃ የሚረግጥ ከሆነ ሰው ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውም ይሸሻል። ራሱ አያውቀውም። ጎኑ ቆሞ የሚያየው ሰው ግን ያውቃል። ያ ሰው ከሳንባው ይልቅ ሆድቃውን ይመታል። ሆድቃው የተመታ ሙስ ደግሞ ስቃይ ነው። ለእሱም ለእኛም።

ኖርማ ኦሪክስን የሚሠራው ፋብሪካ ቬርምላንድ ውስጥ፣ ከኖርዌይ ድንበር ብዙ በማይርቀው ኦሞትፎሽ ነው። ኩባንያው የተመሠረተው በ1902 ነው። አሁን ባለቤቱ የጣሊያኑ ቤሬታ ነው፣ በ2022 ገዝቶታል። ኦሪክስ ከኋላ በኩል እርሳሱ ከመዳብ ቅይጥ ልባሱ ጋር የተበየደ ነው። ከፊት ያለው ልባስ ደግሞ እንዲከፈት ተብሎ ከውስጥ ተሰንጥሯል። ሲመታ ፊቱ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል፣ ጅራቱ ግን ይጸናል። እርሳሱ ስለተበየደ ከልባሱ አይላቀቅም። ሥጋ ስናወጣ በወዲያኛው ቆዳ ሥር ተጣብቆ የምናገኘው አረር አፍንጫው ተገልብጦ፣ ቁመቱ አጥሮ፣ ግን አንድ አካል ሆኖ ነው። በእጅ ሲያዝ ክብደቱ ይሰማል። ተራው ለስላሳ አረር ሲሆን ልባሱ ብቻ ባዶውን ይገኛል። እርሳሱ ሥጋው ውስጥ ተበትኖ ቀርቷል።

ጉድለትም አለው። አፍንጫው ደነዝ ያለ ስለሆነ አየር ቶሎ ይይዘዋል። ከ200 ሜትር በላይ ሲሄድ ፍጥነቱም ከፍታውም በቶሎ ይወርዳል። ሰፊ የተቆረጠ ደን ላይ ሩቅ መተኮስ ለለመደ ሰው አይመቸውም። ወረቀት ላይ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሦስት ጥይት የማስገባት ፍላጎት ላለውም አልመክርም፣ ከእሱ የተሻሉ የውድድር ጥይቶች አሉ። የእኛ አደን ግን ጥድ ውስጥ ነው። ውሻ ሙሱን አቁሞ ይጮህበታል፣ ወይም ሙሱ በመጠበቂያ ቦታችን ፊት ያልፋል። አብዛኛው ተኩስ ከ100 ሜትር በታች ነው። ለዚህ ርቀት ኦሪክስ ተስማሚ ነው።

.308 ዊንቸስተርና .30-06ን አንድ ላይ ላንሣቸው። በሙስ ፊት የሚለያዩት በጥቂቱ ነውና። .30-06 የ1906 የአሜሪካ ጦር ጥይት ነው። .308 በ1952 ወጣ፣ ቀለሁ አጠር ያለ ነው። ሁለቱም 11.7 ግራም አረር በደንብ ይሸከማሉ። .30-06 ይህን አረር በሴኮንድ ወደ 820 ሜትር ይወረውራል፣ .308 ትንሽ ዝቅ ይላል። ያቺን ልዩነት የሚያውቃት ሙስ የለም። .308 በየሱቁ አለ፣ ለልምምድ የሚሆነው ርካሽ ጥይትም እንደ ልብ ይገኛል። ብዙ መተኮስ የምትፈልጉ ከሆነ ያዋጣችኋል። .30-06 ደግሞ ወደፊት መዳብ አረር ብትሉ፣ ከባድ አረር ብትሉ፣ ሁሉንም ያስተናግዳል። አንድ ጠመንጃ ብቻ ይኑረኝ ለሚል ሰው ከ6.5 ቀጥሎ የምጠራው እሱን ነው። ለማይደነግጥ፣ ትከሻው ጠንከር ላለ ሰው ከ6.5ም አስቀድመዋለሁ።

ስለ 9.3×62 ስናገር ደስ ይለኛል። የበርሊኑ ጠመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ በ1905 ነው የሠራው። አፍሪካ ለነበሩ ጀርመን ሰፋሪዎችና አዳኞች ታስቦ ነበር። በተራ ማውዘር ውስጥ የሚገባ፣ ዋጋው የሚቀመስ፣ ግን ትልልቅ እንስሳ የሚጥል ጥይት። ለአፍሪካ ተሠርቶ ዛሬ እጅግ ከሚወደድባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የስካንዲኔቪያ ጫካ ሆኗል። 18.5 ግራም አረር በሴኮንድ ወደ 720 ሜትር ይልካል። ጉልበቱ 4800 ጁል ገደማ ነው። በቡድናችን ውስጥ ውሻ የሚይዙት ሰዎች ይህን ይመርጣሉ። ምክንያት አላቸው። ጥቅጥቅ ባለ ቦታ ሙሱ ፊት ለፊት ወይም ሰያፍ ዞሮ ሊቆም ይችላል። ከባዱ አረር በየትኛውም አቅጣጫ ወደ ሳንባው ይደርሳል። ይረግጣል፣ ግን ርግጫው ዘገም ያለ ግፊት እንጂ ስለታም ምት አይደለም። ለዓመታት ለተለማመደ ሰው ድንቅ ጥይት ነው። ለጀማሪ ግን ይቆይ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁን ይጠቅማልና። .300 ዊንቸስተር ማግነም፣ ማለትም ባሩዱ የበዛ ፈጣን ጥይት፣ 11.7 ግራም አረር በሴኮንድ ወደ 900 ሜትር ይልካል። ጉልበቱን ብታሰሉት 4700 ጁል ገደማ ይመጣል። ከ9.3×62 ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ሙስ ላይ የሚያደርጉት ነገር ግን ለየቅል ነው። 9.3ቱ ቀጥ ብሎ አልፎ ይሄዳል። ማግነሙ በቅርብ ርቀት፣ በተለይ ተራ ለስላሳ አረር ከሆነ፣ ገና ወርች ላይ ይፈነዳል። ወርቹ በሙሉ ደም ይቋጥራል፣ ለውሻ እንጂ ለሰው አይሆንም። ጁል የሚባለው ቁጥር ይህን አይነግራችሁም። ካታሎግ ላይ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

በዚህ ጉዳይ ቅሬታ አለኝ። አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ፈተናውን ገና ላለፈች የሀገሬ ልጅ ማግነም ጠመንጃ ሸጠላት። ትከሻዋ ቀጭን ነው። ጠመንጃው ቀላል ነው፣ ቀላል ጠመንጃ ደግሞ ይበልጥ ይረግጣል። ሻጩ «ሙስ ትልቅ ነው» ብሎ ነው ያሳመናት። ተኩስ ሜዳ አብሬያት ሄድኩ። ጥቂት ተኩሳ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። 80 ሜትር ላይ ያለው የሙስ ምስል ላይ አረሩ ከሆድ እስከ አንገት ተበተነ። በእኔ 6.5 ስትተኩስ ግን ሁሉም ሳንባው ላይ አረፈ። ያው ሰው፣ ያው ቀን። እሷን ሳይሆን ሻጩን ነው የወቀስኩት። ሰውን አይቶ፣ ትከሻውን ገምቶ፣ የት እንደሚያድን ጠይቆ መሸጥ ሥራው ነበር። ጠመንጃውን ሸጣ 6.5 ገዛች። አሁን ከቡድኑ በእርጋታዋ የምትታወቅ እሷ ናት።

የአረርን ነገር ዓለም በቁም ነገር እንዲያየው ያደረገው ሙስ ራሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ ያድን ነበር። የያዘው .300 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም ነው፣ ፈጣን ጥይት። ሙሱ ጎኑ ላይ ጭቃ ደርቆበታል። አረሮቹ ገና ከላይ እየተሰባበሩ ወደ ውስጥ መዝለቅ አቃታቸው። ሰውየው ቤቱ ተመልሶ መሐሉ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊተኛው እርሳስ ይከፈታል፣ ይሰባበርም ይሆናል። ከግድግዳው በስተኋላ ያለው ግን ሳይነካ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ፓርቲሽን ይባላል፣ በ1948 ለሽያጭ ቀረበ፣ ዛሬም ይሸጣል። ከኦሪክስ የሚለየው የፊት ክፍሉን ስለሚጥል ነው። ሥጋ ውስጥ የሚቀረው እርሳስ ይበዛል። በግድያ ረገድ ግን እንከን አላወጣለትም።

ይህ የእርሳስ ጉዳይ ወደ ማዕድ ቤት ይወስደኛል። እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለልጅ አእምሮ። የስዊድን የምግብ ባለሥልጣን በእርሳስ አረር የተመታ እንስሳ ላይ የሚመክረው ግልጽ ነው። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ደም የነካ ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከዚያ ደህና ከሚመስለውም 10 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ጣሉ። እኛ ቤት ትንንሽ ልጆች አሉ። ባለቤቴ የምትጠይቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ጋ ነው የመታኸው?» የሚል ነው። ስለዚህ ወርቅ በሚያህል ሥጋ ላይ ቢላዬ አይሳሳም። የተበየደ አረር ከተራው ያነሰ ቁርጥራጭ ይጥላል። ግን ጨርሶ አይጥልም ማለት አይደለም።

እርሳስ ጨርሶ የማይጥለው መዳቡ ነው። እርሳስ የሌለበት፣ ከመዳብ ብቻ የተሠራ አረር። ባርንስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ያወጣው ዓይነት ነው። አፍንጫው ላይ ቀዳዳ አለው፣ ሲመታ ወደ አራት ተከፍሎ ይገለበጣል። ክብደቱ እንዳለ ይቀራል ማለት ይቻላል። የፊንላንዱ ላፑዋም ናቱራሊስ የሚባል የራሱ መዳብ አረር አለው፣ ቡድናችን ውስጥ የሚተኩሱት አሉ። ዴንማርክ ከ2024 አፕሪል 1 ጀምሮ ለአደን በጠመንጃ እርሳስ አረር መተኮስን ከልክላለች። ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ይታያል።

በመዳብ የተመታ ሙስ ላይ ሥጋው ንጹሕ ነው። ቀዳዳው ጠባብ፣ ደም የቋጠረው ቦታ ትንሽ። ለቋንጣም ለጥብስም የሚተርፈው ይበዛል። ግን ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። መዳብ ከእርሳስ ይቀልላል። ስለዚህ በአንድ ክብደት አረሩ ይረዝማል፣ ወይም በአንድ ቁመት ክብደቱ ይቀንሳል። በ6.5×55 መዳብ ስትገዙ አብዛኛው ከ10 ግራም በታች ነው። ያን ጊዜ ከላይ ያልኩት የ2700 ጁል መስፈርት ይመጣባችኋል። ፓኬቱ ጀርባ ላይ ያለውን የ100 ሜትር ቁጥር አንብቡ። ሁለተኛ፣ መዳብ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። ሩቅ ሄዶ ሲዳከም ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል። ሦስተኛ፣ አይሰባበርምና ሙሱን አልፎ ረጅም ይሄዳል። ከእንስሳው ጀርባ አፈር ከሌለ አትተኩሱ። ይህ ለየትኛውም አረር ይሠራል፣ ለመዳብ ግን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሙሱን የሚያቆመው ጄምትሁንድ ከወዲያ በኩል ሊዞር ይችላል። የሰው ልፋት፣ የሰው ፍቅር የሆነ ውሻ ነው።

በ.30-06 ወይም በ9.3 ከሆነ መዳቡን ያለ ሥጋት እመክራለሁ። ጉልበቱ ይበቃዋል። በ6.5 ግን አሁንም ኦሪክስ ላይ ነኝ፣ ቢላዬን እያበረታሁ።

ዋጋን በተመለከተ፣ 20 ፍሬ የሚይዘው የአደን ጥይት ፓኬት ከተራው የልምምድ ጥይት በደንብ ይወደዳል። መዳቡ ይብሳል። ግን ለወቅቱ የሚያስፈልገው ስንት ነው? ለመነፅሩ ማቀኛ ጥቂት፣ ለአደኑ ጥቂት። የሚያልቀው ገንዘብ ልምምዱ ላይ ነው። ስለዚህ ልምምዱን በርካሹ አድርጉ። ከዚያ መነፅሩን በምታድኑበት ጥይት አቅኑት። አረር ከተቀየረ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ኩባንያ፣ ያውም በእኩል ክብደት፣ አንድ መዳፍ ሊያስት ይችላል። የጠመንጃ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሌላችሁ ጠመንጃ ጥይት አይሸጥላችሁም።

ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ «ይበላል ወይ?» ብላ ነበር የጠየቀችኝ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል አልኳት። «ባርኮ ያረደው ማነው?» አለችኝ ቀጥላ። ይህን ጥያቄ የሚያነሱ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆች አሉን፣ አክብረን ለእነሱ በግ እናዘጋጃለን። ለቀረነው ግን የእንቁጣጣሽ ጥብስ ከጫካ ይመጣል። የሙስ ሥጋ ስብ የለውም፣ ስለዚህ ቅቤውን አትሠሥቱ። ሽንጡን በትልልቁ ቆርጦ በቃሪያና በሮዝሜሪ፣ ድስቱ ክፉኛ ግሎ፣ በቶሎ ማውጣት። ከቆየ ይደርቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የመጀመሪያ አደናችሁን ለምትወጡ። ሕጉ ሙስ ከቆሰለ የሰለጠነ ውሻ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦታው መድረስ አለበት ይላል። ቡድኑ ይህን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ስለዚህ ከተኮሳችሁ በኋላ ሮጣችሁ አትከተሉ። ሙሱ የቆመበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ፣ በምልክት አመልክቱ፣ ጠመንጃውን እንደገና አጉርሱ፣ ለመሪው በሬዲዮ ንገሩ። ጠብቁ። የተመታው ሙስ ካልተባረረ ቅርብ ቦታ ይተኛል። ከተባረረ ግን የትኛውም ውድ ጥይት አይመልሰውም። ቦታው ላይ ስትደርሱ ፀጉርና ደም ፈልጉ። ደሙ ፈካ ያለ ቀይ ሆኖ አረፋ ካለው ሳንባ ነው። ጠቆር ያለና የሣር ሽታ ያለው ከሆነ አረሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ሆዱ ሄዷል ማለት ነው፣ ወደፊት አንድ እርምጃ እንኳ ሳትሄዱ ውሻውን አስጠሩ።

ከጥይቱ ፓኬት ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ደግሞ ጻፉት። መነፅር ያቀናችሁበትና የምታድኑበት ፓኬት አንድ ቁጥር ቢኖረው ጥሩ ነው። እኔ በኦገስት ሁለት ፓኬት ኦሪክስ አንድ ላይ እገዛለሁ፣ ከመጀመሪያው አቀናለሁ፣ ሁለተኛውን ሳልከፍተው ለአደን አስቀምጠዋለሁ።